ከደረትዎ ነው የተባለው ድምፅ

ፍኖተ ሰላም፣
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህ ባለቤቴ ለወንዳወቅ ዘሚካኤል፤

«ለማከብርህ» ያልኩት ደብዳቤ በዚህ ይጀመራል ተብዬ ስለተማርኩ ነው፤ ሌላ ትርጉም አትፈልግለት። ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱም ደህና ነው። መብራት ባለበት ቀን እሠራለሁ፣ በሌለበት ቀን በር ላይ ተቀምጬ ባጃጅና ጋሪ ሲጋፉ አያለሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ብዙ የተለወጠ ነገር የለም፤ የሚያማርር ሰው ብቻ ቀንሷል።

ለምን በስልክ አልነገረችኝም እንደምትል አውቃለሁ። ስደውልልህ ኔትወርኩ ይቆራረጣል ትልና ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይዘጋም። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ወደ ታች ስታነብ ትደርስበታለህ።

ወንዳወቅ የት ገባ ሲሉኝ አዲስ አበባ ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ ባለሙያ ሆኗል እላቸዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ግን የጎረቤታችን የአስካለ ማርያም ልጅ አይታህ ኖሮ፣ ወለል ላይ ተንበርክኮ ገመድ ሲጠቀልል አገኘሁት አለችኝ። ገመድ መጠቅለል ነውር የለበትም። «መብራቷ የቆሸሸ፣ የሰው ጆሮ የማያድግባት ከተማ» ብለህ ፍኖተ ሰላምን ንቀህ ሄደህ የሰው ገመድ መጠቅለል ግን ያስቃል። እኔም ስቄያለሁ፤ ልጅቱ እስክታፍር ድረስ።

አሁን ወደ ተነሳሁበት ልግባ። የምጽፍልህ ስለ ድምፁ ነው። የትኛው ድምፅ አትበለኝ። ኮምፒውተርህ ሲከፈት ከስፒከሮቹ የሚወጣው፣ ቀፎ ውስጥ እንደታፈነ ንብ እምምም የሚለው። ዘጠኝ ዓመት አብሮን ኖሯል። አንድ ጊዜ ከኋላችን ያለው ወፍጮ ነው አልክ፤ ወፍጮው ተዘግቶም አልቆመም። ሌላ ጊዜ የባጃጅ ነው አልክ። ሰርግ ስትቀዳ ከበሮው ይሸፍነዋል፣ መዝሙር ስትቀዳ በገናው ይሸፍነዋል ትል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራህ መቅዳት ሳይሆን መሸፈን ነበር።

ምንም መሸፈኛ የሌለው ሰው የመጣ ቀን ግን ጉድህ ፈላ። ከሁለት ዓመት በፊት በኅዳር፣ አባትህ መሪጌታ ዘሚካኤል መቋሚያቸውን ይዘው ከገበዝ ማርያም ድረስ መጡ። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩትን ጾመ ድጓ፣ ከመምህራቸው አፍ የተቀበሉትን ዜማ፣ ለተማሪ አስቀምጠው ማለፍ ፈልገው ነበር። ከበሮ የለ፣ ጽናጽል የለ፤ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ብቻ። ሁለት ቀን አዜሙ። በሦስተኛው ቀን መልሰህ ስታሰማቸው ከዜማው ሥር ያ እምምታ አለ። ስፒከሩ ላይ ጆሯቸውን ሊያስነኩ እስኪደርሱ ጠጋ ብለው ምንድነው ይህ ብለው ጠየቁህ።

«አባየ፣ ከደረትዎ የሚወጣ ነው» አልካቸው። «እርጅና ነው። ማሽን የሰማውን ነው የሚናገረው።»

ማዳመጫውን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ፣ እንደ ሐኪም ሆነህ ነበር የተናገርከው። እሳቸው ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡ፣ መቋሚያቸውን አነሱ፣ ያንኑ ዕለት በጅጋ በኩል ተመለሱ። ምሳ እንኳ አልበሉልኝም። ከዓመት በኋላ አንተም ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ፤ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ሳንነጋገር።

ባለፈው ታኅሣሥ ገበዝ ማርያም የአባትህ ጎረቤት የሆኑት ቄስ ይታገሱ የአጥቢያውን ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ ሱቅ መጡ። መሪጌታ እንዴት ናቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። ድምፃቸውን ካሰሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው አሉኝ። ማሕሌት ይቆማሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ነገር ግን የለም። ተማሪዎቻቸው አንድ በአንድ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄደው አልቀዋል። ሰው ሲለምናቸው «ማሽን ደረቴ መበላሸቱን ነግሮኛል፤ የተበላሸ ዜማ ለሰው ልጅ አላወርስም» እያሉ ይመልሱታል።

ይህን ሲነግሩኝ ፎቶ ኮፒውን እያነሳሁ ነበር። ወረቀቱን ገልብጬ አስገብቼ ኖሮ አራት ነጭ ገጽ አወጣሁላቸው። ቄሱ እየሳቁ መለሱልኝ። እሳቸውን ከሸኘሁ በኋላ ሱቁን ዘግቼ መቅጃ ክፍልህ ገባሁ። ከሄድክ ጀምሮ ለመጥረግ ካልሆነ ገብቼበት አላውቅም ነበር።

የአባትህን ቅጂ ከፈትኩት። መሪጌታ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት አሥራ አንድ ሰከንድ አለ። ጉሮሯቸውን አልጠረጉም፣ ወንበሩ እንኳ ሲጥ አላለም። እምምታው ግን አለ፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ሙሉ። ከደረታቸው ከሆነ እሳቸው ሳይተነፍሱ ከየት መጣ? ይህን የምጠይቅህ እኔ ማመልከቻ የምተይበው ነኝ። ባለሙያው አንተ ነህ። አልሰማኸውም፣ ወይም ሰምተህ ዋሸህ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያሳንስህ እስካሁን መወሰን አልቻልኩም።

ከዚያ ሁሉንም ከግድግዳው ነቀልኩ። ሚክሰሩን ብቻ ሰክቼ በማዳመጫ ሰማሁ፤ ጸጥታ። ማይኩን ጨመርኩ፤ ጸጥታ። ስፒከሮቹን ጨመርኩ፤ ጸጥታ። የኮምፒውተሩን የድምፅ ገመድ ሚክሰሩ ላይ የሰካሁ ጊዜ እምምም አለ። ስነቅለው ይጠፋል፣ ስሰካው ይመጣል። ማመን አቅቶኝ ሃያ ጊዜ ሳላደርገው አልቀረሁም። ዘጠኝ ዓመት የፈጀብህ ነገር አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የወሰደብኝ፤ ያውም ደንበኛ በር እያንኳኳ። አንድ እጄ ሚክሰሩ ላይ ሆኖ በሌላው የኮምፒውተሩን ብረት ስነካ ደግሞ ክንዴ ድረስ ነዘረኝ። ድሮም ይነዝረኝ ነበር። ስነግርህ «ጫማ አድርጊ» ነበር መልስህ።

ጓደኛህን ባንተአምላክን ጠራሁት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከተባለ እሱም አንተም አንድ ናችሁ። እቃውን ሳያይ አዲስ ስታቢላይዘር ግዢ አለኝ። ቀጥሎ ሚክሰሩ አርጅቷል አለ። የጆሮ ነገር ለሴት እንደሚከብድ አስረዳኝ። የመሰኪያዎቹ ሦስተኛ እግር ለምን ተቆረጠ ብዬ ብጠይቀው ኩራት በኩራት ሆኖ፣ ያኔ ወንዳወቅ ድምፁን ይቀንሰዋል ብሎኝ እኔው በፒንሳ የቆረጥኩት ነው አለ። ሻይ እንኳ ሳላቀርብለት ሸኘሁት። አዝናለሁ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል።

ከዚህ በኋላ ቡሬ ሄድኩ። እዚያ የወፍጮ ቤት ሞተር መስመር የምትዘረጋ እህተ ማርያም የምትባል ሴት አለች፤ ስሟን ከአንድ ባለ ወፍጮ ነው የሰማሁት። አርባ ዓመት ይሆናታል፣ ብዙ አትናገርም፣ የያዘችውን ቴስተር እንደ ልጅ ነው የምትጠነቀቅለት። ነገሩን ስነግራት ድምፁ ዝቅ ያለ ነው ወይስ የሚጮህ፣ ብረቱ ይነዝራል ወይ፣ ኮምፒውተሩና ሚክሰሩ የተሰኩት ከአንድ ሶኬት ነው ወይ ብላ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ዓመት ከአንተ ጋር ስኖር ሦስት ጥያቄ በተከታታይ ጠይቀኸኝ አታውቅም።

በማግስቱ መጣች። መጀመሪያ እቃዎቹን አልነካችም፤ የግድግዳውን ሶኬት ነው የፈታችው። ወደ መሬት መውረድ ያለበት አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከግድግዳው ውስጥ አንድ ክንድ ሄዶ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ያልቃል። የትም አይደርስም። የሱቁም ሶኬት እንደዚያው። ይህ ሽቦ መሬት ሲያጣ፣ ከኮምፒውተሩ የሚያመልጠው መብራት በድምፁ ገመድ በኩል መውጫ እየፈለገ ሚክሰሩ ውስጥ ይገባል፤ እኛም ያንን ነው ስንሰማ የኖርነው አለችኝ። እኔም እንዲህ ሆኖ ገባኝ። ከዚያ የተቆረጡትን መሰኪያዎች አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ቆጠረቻቸው። አምስት ናቸው።

«ይህን ያደረገው ማነው?» አለችኝ።

ባለቤቴ ያስደረገው ነው አልኳት።

«እስካሁን ሰው ያልሞተው በዕድላችሁ ነው» አለች።

አንድ ሙሉ ቀን ሠራች። ቧንቧው አጠገብ አፈሩ የማይደርቅበት ቦታ ላይ ረጅም የመዳብ ዘንግ በመዶሻ ሰካች፣ ከዚያ ወፍራም ሽቦ እስከ ቆጣሪው ሳበች፣ መሰኪያዎቹን ቀየረች። ኮምፒውተሩን፣ ሚክሰሩንና ስፒከሮቹን ሁሉንም ከአንድ ዲቫይደር ሰካቻቸው። የማይኩን ገመድ ከመብራቱ ገመድ ለየችው፤ አንተ ሁለቱን አንድ ላይ በፕላስተር ጠቅልለህ ቆንጆ አደረግሁት ብለህ ነበር። ከፈተችው። ስፒከሩን እስከ ጥግ ጨመርኩት። ወንዳወቅ፣ ምንም የለም። አጥር ላይ የምትጮህ ወፍ ነው የሰማሁት፤ ከስፒከሩ አይደለም፣ ከውጭ። ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እህተ ማርያም ያላየች መስላ መሣሪያዋን ትሰበስብ ጀመር።

ድምፁ ከጠፋ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ እችል ነበር። ግን ሁለት ዓመት ዝም ያለ ሰው አለ። መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቼ ከጥምቀት በፊት በጅጋ አድርጌ ገበዝ ማርያም ወጣሁ። አባትህ ከቤታቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ይዘው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያ ድምፅ ከማሽኑ ነው፣ ከደረትዎ አይደለም አልኳቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። የሽማግሌ ግትርነት መስሎኝ በሦስተኛው ጮህኩባቸው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሲገባቸው መጽሐፉን ዘጉት። ይቆጡልኛል ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲረግሙህ ነበር የፈለግሁት፤ ለዚያ ነው ዳገቱን የወጣሁት። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው፣

«አንቺ ልጀ፣ ያን ቀን የት ነበርሽ?» አሉኝ።

«በሩ ላይ ቆሜ ነበር» አልኳቸው።

«ሰምተሻል?»

ሰምቼ ነበር፣ ወንዳወቅ። አሥራ አንዱን ሰከንድ ባልቆጥረውም፣ እምምታው እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት እንደነበር፣ ሲሄዱም እንደሚኖር የዚያ ቤት ሰው ሆኜ እንዴት አላውቅም? ባሌን በአባቱ ፊት አላሳፍርም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ይህን ሁሉ ገጽ አንተን ስንቅ ጽፌ እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ለራሴ ያለኝን ንቀት ለሌላ ደብዳቤ አቆየዋለሁ፤ እሱ ላንተ አይጻፍም።

ሰምቻለሁ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነህ፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠህ ዜማ ስትቀጽል፣ በጉባኤው ፊት «ይህ ልጅ ጆሮ የለውም፣ ለቀለም ትምህርት ስጡት» ብለው አስነሱህ አሉ። ተማሪዎቹ ሲስቁብህ አላስቆሟቸውም። ማታ እናትህ ስታባብልህ ሰምተዋል፤ እሳቸው ግን አልመጡም። «ሠላሳ ዓመት ይዞት ቆይቶ መለሰልኝ» አሉ። «እኔም ያመንኩት በከንቱ አይደለም። ያ ድምፅ እኔም ጆሮ ውስጥ ቀንም ሌትም አለ። እሱ ሲለው፣ እንግዲያስ ከእኔ ነው አልኩ።»

ይህን ዘጠኝ ዓመት ደብቀኸኝ ኖረሃል። ያኔ ብትነግረኝ ምናልባት እራራልህ ነበር። አሁን ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ሁለታችሁንም እኩል ናቅኋችሁ። አባት የልጁን ጆሮ ነጠቀ፣ ልጅ የአባቱን ደረት ነጠቀ፤ በመሐል ዜማው ሊጠፋ፣ ተማሪው ሊበተን። በአክብሮት አድርጌ ይህንኑ ነገርኳቸው፤ እናንተ ስትመዛዘኑ የመምህርዎ ዜማ ማን ላይ ይቅር አልኳቸው። ከዚያ ተነስተው መቋሚያቸውን ፈለጉ።

ከጥምቀት በኋላ ቄስ ይታገሱ ይዘዋቸው መጡ። ሦስት ጠዋት አዜሙ። መጀመሪያ ላይ ድምፃቸው ዝጎ ነበር፤ ሁለት ዓመት ተዘግቶ የቆየ ነው። በሁለተኛው ጠዋት ተከፈተ። እንዴት ብዬ እንደምጽፍልህ አላውቅም። ቃሉን ጨርሰው ሲያርፉ ዕረፍቱም ይሰማል። ድሮ ዕረፍታቸውን የሚሞላው ያ እምምታ ነበር። አሁን የሚሰማው የመጽሐፉ ብራና ሲገለበጥና እሳቸው አየር ሲስቡ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ምንም የማይጎረብጠው ደረት። ቄስ ይታገሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የሰሙት።

በሦስተኛው ቀን ሲጨርሱ ያንተን ማዳመጫ አደረግሁላቸውና ወንበርህ ላይ አስቀመጥኳቸው። መብራቱ ትንሽ ተቆራርጦ ስለነበር ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ቆየ። እኔ ገና ፋይሉን እየፈለግሁ ሳለ አባትህ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀስ እያሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ጥሩ ነው፤ ጥሩ ነው» አሉ።

ገና አልከፈትኩትም ነበር።

እጄ እዚያው ቀረ። ቄስ ይታገሱ ያን ጊዜ ከክፍሉ ወጥተው ነበር፤ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ከፈትኩት፣ እስከ መጨረሻው ጨመርኩት፣ ፊታቸው ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ሦስት ጊዜ ያስደገሙኝ ግትር ሆነው አልነበረም። ማዳመጫውን አውልቄ ፊት ለፊታቸው ጎንበስ ብዬ፣ አባየ፣ ይሰማዎታል ወይ አልኳቸው።

«ካንቺ አፍ የማየው ነው የሚበዛ» አሉኝ። «ዜማ ከሆነ ግን ከራሴ ውጭ አልሰማም። ጆሮዬ ካቆመ ሦስት ዓመት ሆነው። ያኔ ለመቀዳት የመጣሁትም ለዚህ ነው፤ ልክ ልሁን ስህተት ልሁን የማውቅበት ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ። ማሽኑ ሥር ጆሮዬን ባስጠጋ ዜማው ይደርሰኛል ብዬ ነበር፤ የደረሰኝ ያ እምምታ ብቻ ነው።»

ድምፅዎ ጥሩ ነው፣ እንደ ድሮዎ ነው አልኳቸው። እጄን ያዙኝ፤ አንቺ ደግ ልጅ ነሽ አሉኝ። ቄስ ይታገሱም ተመልሰው ይህንኑ አሏቸው፣ እሳቸውንም አላመኗቸውም። ጎረቤት አያስከፋም ብለው ነው። ከዚያ ይህን አሉ፤ ቃሉን አልቀየርኩትም፦

«ወንዳወቅ ይስማው። ጆሮ የለውም ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ጆሮ የሌለኝ እኔው ነኝ። ደህና ነው ካለ አስተምራለሁ። አይሆንም ካለ መጽሐፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ።»

ተከራከርኳቸው። ይህ ሰው እኮ ዋሽቶዎታል አልኩ። ከአፌ አይተውታል፤ ፊታቸውን ግን ወደ መንገዱ አዞሩ። ቄስ ይታገሱ ብቻቸውን ተመለሱ፣ አባትህ ግን ከዚያ ቀን ጀምረው እዚሁ ናቸው። ከሱቁ በር አጠገብ ይቀመጣሉ። መኪና ከአዲስ አበባ በኩል ሲመጣ ቀና ይላሉ። ያልተላከ ደብዳቤ የሚጠብቁ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ። እንግዲህ በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ገባህ። አንተ ብትደውል እሳቸው አይሰሙህም። ዓይናቸው ግን ደህና ነው፤ የእጅ ጽሑፍህንም ያውቁታል።

አስካለ ማርያም ልጇን ልታርስ አዲስ አበባ ስለምትመጣ ደብዳቤውንም ፍላሹንም በእሷ እጅ ልኬያለሁ። ፍላሹ ላይ ሦስቱም ጠዋት አለ። ገመድ መጠቅለሉን ለአንድ ቀን ተወውና ጥሩ ማዳመጫ ተውሰህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስማው። እምምታ ከሰማህበት ያለህበት ቤት ነው፤ የኔ አይደለም፣ የእሳቸውም አይደለም። ከዚያ ጻፍላቸው። ሽንገላ እንዳትጽፍ፤ ሰው ሲሸነግላቸው ወዲያው ነው የሚያውቁት። ያጎደሉት ካለ የቱ ጋ እንደሆነ ጻፍ። የሚያምር ከሆነ የቱ ጋ እንደሚያምር ጻፍ። ጆሮ እንዳለህ የሚያውቁት ከዚያ ነው፤ እኔም እንደዚሁ።

ጾመ ድጓው የሚጀመርበት ዘወረደ ሦስት ሳምንት አይሞላውም። ሁለት ተማሪዎች መሪጌታ አዜሙ መባሉን ሰምተው ከቋሪት መልእክት ልከዋል፤ እሳቸው ቆዩ ብለዋቸዋል። ወረቀት ከሚዘገይ ራስህ ብትመጣ ይፈጥናል። ይህን ያልኩት ስለ ፍጥነቱ ብቻ ነው። ከጅጋ ወዲህ መንገዱ ሰላም ነው፤ ጠዋት ከወጣህ ሳይመሽ ትደርሳለህ። ክፍልህ ተጠርጓል። መሰኪያ ግን አትነካም፤ እህተ ማርያም ከቡሬ ድረስ የመጣችበትን ሥራ በፒንሳህ አላስነካም።

አባትህ አጠገቤ ሆነው ምን ያህል ይቀርሻል ይሉኛል። ምርቃት ጨምሪበት ብለውኛልና እንዲህ ብለው ያሉትን ልጻፍልህ፦ የገበዟ ማርያም በመንገድህ ትቅደም፣ እንጀራህን ከሰው ደጅ ታውጣው፣ የሰማኸውን እውነት የምትናገርበት አፍ ይስጥህ። አሜን በል። እኔ ገና አልመረቅሁህም።

እስካሁን ሚስትህ፣
አቻምየለሽ